ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ

መኪናችን ፍሬን ሲያዝ መንቀጥቀጥ የጀመረችው የአጋዘን አደን ወቅት ባለቀ በሳምንቱ ነው። ያን ሰሞን የማልረሳው አባቴ ያን ዓመት ባዶ እጁን ስለተመለሰ ነው። በእኛ መንደር አንድ ሰው ከአደን ባዶ እጁን ሲመለስ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም፤ እሱም አያወራም። አባቴ ግን አወራ። ጠመንጃውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶ እየወለወለ፣ «ቀኝ እግሬ በረዶው ውስጥ እየተያዘ አስቸገረኝ» አለ። እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር። ዞር አላለችም፤ ውሃውን ግን ዘጋችው።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ሁሉ የገባኝ በዚያ ክረምት የአጋዘን ሥጋ እንደማንበላ ብቻ ነው።

ከኩዊንሲ ተራራ ወደ ሃንኮክ ከተማ የሚወርደው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ታች ወንዙና ድልድዩ ይታያሉ፤ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያያቸው የሚወድቅባቸው ይመስለዋል። አባቴ ሁልጊዜ ተራራው ላይ ከቆመው የድሮ ማዕድን ማማ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፍሬን ይይዛል። ያን ቀን ሲይዝ መኪናዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ቃጭል እንደሚያቃጭል ሰው፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ቁልፎች ተንኳኩ። እኔ ሳቅኩ።

«ተሰማሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«መኪናዋ ናት፣ አይደል ሳይማ?»

ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበርና፣ «መኪናዋ ናት አባዬ» አልኩት። ደስ ያለው መሰለኝ። ታች ስንደርስ ቆመ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ተጫነው፤ የሚነሳ ውሻ እንደሚያስተኛ ሰው። ከዚያ ጉዟችንን ቀጠልን።

መንደራችን አንድ መካኒክ ብቻ ነበረው፤ ቬርነር ኦያላ ይባላል። ጋራዡ ድሮ የማዕድን ኩባንያው ፈረሶች ያድሩበት የነበረ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ቬርነር ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን ከመሬት የሚፈልግ ይመስል አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበር። ከአባቴ ጋር አብረው ተምረዋል።

«የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ ወንበሩ?» አለው አባቴን።

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ነገር የለም። መሪው ከሆነ የፊቱ ነው፤ ወንበሩ ከሆነ የኋላው ነው።»

«እንግዲህ መካኒኩ አንተ ነህ።»

ቬርነር መኪናዋን በክሪክ አነሳና ጎማዎቹን አወለቀ። የፍሬን ዲስኮቹ ዝገው ነበር። አባቴ የካውንቲው፣ የወረዳ አስተዳደሩ፣ የበረዶ ጠረጋ መኪና ሾፌር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ይጠርጋል፣ ጨው ይበትናል። ቬርነር ዝገቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ ጣቱን አሳየው። «የራስህ ጨው ነው የበላት» አለው። «በካውንቲው ጨው ነው እኔም እንጀራ የምበላው በለኛ።»

«አንተንስ ማን ያበላህ መሰለህ?» አለ አባቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ዲስኮቹን አውጥቶ የብረት መላጫ ማሽኑ ቶርኖ ላይ አሰራቸውና ላጣቸው። ብረቱ እንደ ብር ሆኖ ወጣ። አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመ፣ እንዳይነቃነቅ ቡሎኖቹን በተራ በተራ አጠበቀ፣ ራሱ ነድቶ ዞሮ መጣና ቁልፉን ለአባቴ ወረወረለት። «ሕፃን ታስተኛለች» አለ።

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ተንቀጠቀጠች። ከበፊቱ ትንሽ ባሰባት።

በማግሥቱ እንደገና ሄድን። ቬርነር አላመነም። ሦስታችንም ገባን፤ እሱ መሪው ጋ፣ አባቴ ጎኑ፣ እኔ ከኋላ። ከማማው ዝቅ ብሎ ፍሬን ያዘ። ምንም የለም። ሌላ ዙር፣ ጠንከር አድርጎ። ምንም። አባቴ በመስኮቱ ወደ ወንዙ ያይ ነበር።

«አንተ ንዳ እስቲ» አለው ቬርነር።

ቦታ ተለዋወጡ። አባቴ ፍሬን ያዘ፤ መኪናዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ቁልፎቹ ተንኳኩ። ቬርነር መሪውን አላየም፣ መንገዱንም አላየም። አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ያይ ነበር። የጣለው ነገር ያለ መስሎኝ እኔም ከወንበሩ ሥር ፈለግኩለት።

«ልቀቀው» አለ። አባቴ ለቀቀ። «አሁን እንደገና ያዝ።»

ተንቀጠቀጠች።

«እንደገና።»

ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ ቬርነር «በቃ» አለ፤ ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ወደ ጋራዡ ተመለስን።

ጋራዡ ውስጥ ሰዓት የመሰለች መለኪያ አወጣ። እግሯን ዲስኩ ላይ አሳርፎ ዲስኩን በእጁ ቀስ ብሎ ሲያዞረው፣ የተጣመመ ከሆነ መርፌዋ ትወዛወዛለች። አባቴ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኔ በመካከላቸው አንገቴን አስገብቻለሁ። መርፌዋ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ዲስኩ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛም ዞረ። እንደሞተ ዝንብ ነው የቆመችው።

«በደንብ እየው» አለ አባቴ።

ቬርነር ዲስኩን ሌላ ዙር አዞረው። «ትንሽ አለች» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ጠማማነት አለባት። ተዋት እኔ ጋ።»

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ። እኔ ግን መርፌዋን አይቻለሁ። ቬርነር ኦያላ ውሸታም መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፤ አባቴ ሲታለል ዝም ብሎ መቆሙም አሳፈረኝ።

አሁን አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ያኔ የነበረው ዕድሜ። ያየሁት ትክክል ነበር። መርፌዋ አልተነቃነቀችም፤ ቬርነርም ዋሽቷል። የተሳሳትኩት ሌላው ሁሉ ላይ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ክፍል፣ የምንገባው ከእነ ቬርነር ጋር ነበር፤ አንድ ሳምንት በእነሱ ቤት፣ አንድ ሳምንት በእኛ። መጀመሪያ ሴቶቹና ልጆቹ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ። ያን ቅዳሜ ተራው የእኛ ነበር። ወንዶቹ ከሙቀቱ ወጥተው መልበሻው ክፍል አግዳሚ ላይ ፎጣ አገልድመው ሲቀመጡ፣ እኔ ቋሊማውን በሳህን ይዤላቸው ገባሁ። ሁለቱም ቀልተው ይተናሉ። የአባቴ ቀኝ ጭን ላይ ቆዳው ይዘላል። ዝንብ ያረፈበት ፈረስ ቆዳውን እንደሚያርገፈግፈው፣ እዚህ ጋ ብቅ፣ እዚያ ጋ ጥልቅ።

«አባዬ ድገመው!» አልኩት። እንዲህ ዓይነት ችሎታ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«እኔ አይደለሁም የማደርገው» አለ። «ራሱ ነው።»

ቬርነር ቋሊማውን በእጁ እንደያዘ ጭኑን አየ፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ባቱን። አንደኛው ባት ከሌላው ቀጥኖ ነበር። ይህን ያኔ አይቼዋለሁ ወይስ ኋላ እናቴ ስትነግረኝ ጨምሬዋለሁ፣ አሁን መለየት አልችልም።

«ይህ ነገር ከጀመረህ ስንት ጊዜው?» አለ ቬርነር።

«የትኛው ነገር?»

ቬርነር አንገቱን ደፋ። በሩ ሥር የቀለጠውን በረዶ አየ። «ሰኞ ያንን ዲስክ እንደገና አወጣዋለሁ» አለ።

«አውጣው» አለ አባቴ። «ዲስኩ ነው።»

«ብላ፣ ቋሊማው ይቀዘቅዛል።»

መኪናዋ እዚያ ጋራዥ ውስጥ አምስት ሳምንት ቆመች። ቬርነር አንዴ ዕቃው ከግሪን ቤይ ከተማ አልመጣም ይላል፣ አንዴ የተሳሳተ ዕቃ ላኩ ይላል። ጠዋት ጠዋት እሱ ራሱ በገልባጭ መኪናው መጥቶ አባቴን ሥራ ያደርሰዋል፤ ማታ ይመልሰዋል። እናቴ ለእሱም ምሳ ትቋጥርለት ጀመር። ይህ ከሁሉ በላይ አናደደኝ። መኪናችንን ለነጠቀን ሰው ምሳ።

ኅብረት ሱቁ ውስጥ ከባልኮኒው ፊት የሚደረደሩት ሽማግሌዎች ነገሩን ወሬ አደረጉት። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ወተት ልንገዛ ገብተን ቬርነር እዚያ ቆሞ አገኘነው።

«ቬርነር፣ የሬይኖን መኪና አገባሃት እንዴ?» አለው አንዱ፤ የአባቴን ማለቱ ነው።

«ሠርግ ሳይጠራን ነው እኮ» አለ ሌላው።

«ተዉት፣ ፍሬን የቱ ጋ እንደሆነ ገና እየፈለገ ነው። አምስት ሳምንት ምን አላት? የፊቱን ጨርሶ ወደ ኋላው ይሄዳል።»

«እኔ የእኔን ትራክተር ሃንኮክ ያለ መካኒክ ጋ ወስጃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ ቬርነር።»

ሁሉም ሳቁ። ቬርነር ምስማሩን አስመዘነ፣ ጆሮው ብቻ ቀላ። አንዲት ቃል ሊል ይችል ነበር። መኪናዋ ደህና ናት፣ ደህና ያልሆነው እከሌ ነው ቢል ኖሮ ሳቁ ወዲያው ይቆም ነበር። እናቴ እጄን ያዘችኝ፤ አያያዟ አሳመመኝ። እሷም አንዲት ቃል ልትል ትችል ነበር። ወተቱን ሳንገዛ ወጣን።

እኔ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው ብዬ ነበር የወጣሁት።

በየካቲት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ። አውቶቡሱ የኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ በኋላ መስኮት አያለሁ፤ ቁልቁለቱን እየወረድን ነው። ሾፌራችን ልጅ ለማውረድ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ቀይ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ። ከኋላችን የበረዶ ጠረጋው ብርቱካናማ መኪና ብቅ አለ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ነው። ደስ ብሎኝ እጄን አውለበለብኩ።

ከባድ መኪናው እየቀረበ መጣ። ፊቱ ላይ ያለው በረዶ የሚገፋው ትልቅ ምላጭ ወደ ላይ ወደ ታች ይነቀነቃል፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ የሚል ይመስላል። ቀረበ። ምላጩ መስኮቱን ሞላው። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ መጽሐፏን ዘጋች። ከዚያ ቆመ። በመካከላችን የእኔን ክንድ የሚያህል ቦታ ነበር።

አባቴን ከምላጩ በላይ በመኪናው የፊት መስተዋት ውስጥ አየሁት። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። በቀጥታ ያየኛል። እጄን አሁንም አውለበለብኩለት። አልመለሰልኝም። አላየኝም ብዬ አዘንኩ።

አውቶቡሱ ተነሳ። ከባድ መኪናው ግን እዚያው ቆሞ ቀረ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ እያነሰ ሲሄድ አየሁት። አልተንቀሳቀሰም።

ከሁለት ቀን በኋላ አባቴ ከሾፌርነት ወርዶ የጎን ምላጭ ሠራተኛ ሆነ። ይህ ከሾፌሩ ቀኝ ተቀምጦ የጎኑን ምላጭ የሚያነሳና የሚያወርድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪ የሚሠራው ሥራ። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ «አባትሽን አወረዱት» አለኝ። ቤት ውስጥ እናቴ በስልክ «ቬርነር ነግሯቸው ይሆን?» ስትል ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ «አይ፣ አይመስለኝም» አለች። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ሄድኩ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ጋ ወረድኩ። ቬርነር ውስጥ ነበር፤ የቶርኖው ድምፅ ይሰማል። ከኪሴ ምስማር አውጥቼ ትልቁ በር ላይ፣ አረንጓዴው ቀለም ላይ፣ «ሌባ» ብዬ ጫርኩ። ቀለሙ ወፍራም ስለነበር እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ ጫርኩት። ከዚያ ወደ ቤት ሄጄ እራት በላሁ።

ለአለቃው የነገረው ቬርነር አልነበረም። እናቴ ይህን የነገረችኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ፣ ሩቅ ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲዬ ልመለስ ሻንጣ ስዘጋ ነው። አባቴ ያን ዕለት ከባድ መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ ትቶ እስከ መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ገብቶ ቁልፉን አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ልጄ አውቶቡሱ ውስጥ ነበረች አለ። ሌላ አላለም።

ከዚያ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የአባቴን እግር ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው፣ እግሩ በሐኪሙ እጅ ውስጥ መምታት ጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ። አባቴ እግሩን እያየ፣ «ይኸው፣ ፍሬኑ ይሄ ነው» አለ። ሐኪሙ አልገባውም። እናቴ ገብቷታል። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች አንድ በአንድ የሚሞቱበት በሽታ ነው። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖረ፤ በመጨረሻው ዓመት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሳው ቬርነር ነበር። እኔ ያኔም ሰላም አልለውም ነበር።

የቬርነርን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን አይቷል፤ አንገቱን ደፍቶ ያየው ወለሉን ሳይሆን እግሩን ነው። ደህና ዲስክ አወጣ፣ ደህና ዲስክ ላጠ፣ አምስት ሳምንት መሳቂያ ሆነ። አባቴ ጥፋቱ የመኪናዋ እንዲሆን ፈለገ፤ ቬርነር እስከቻለው ድረስ ጥፋቱን የመኪናዋ አደረገለት። ከእኛ መኪናም አራቀው። ከባድ መኪናውን ግን አላሰበውም፤ ወይም አስቦት መናገር አቃተው። በመካከላችን የአንድ ክንድ ቦታ ነበር። ይህ ደግነት ነው ወይስ ፍርሃት? አንዳንድ ቀን አንዱን እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን። የቱንም ስል ምንም አይሰማኝም።

እናቴ ባለፈው መጋቢት ሞተች። ቤቱን ባዶ ላደርግ መጣሁ፤ ለሁለት ሳምንት ብዬ የመጣሁት ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ። የእናቴ መኪና ከመከር ጀምሮ ከቤቱ ጀርባ መሸፈኛ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። አስነሳኋትና ወደ ሃንኮክ ወረድኩ። ከማማው ዝቅ ብዬ ፍሬን ስይዝ ተንቀጠቀጠች።

ታች ደርሼ ዳር ያዝኩ። እጄ ጉልበቴ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ከቆየ በኋላ ነው። ወደ ታች እየተጫንኩት ነበር።

ሐኪሞች ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ አይሄድም ይላሉ። «ብዙውን ጊዜ» የምትለዋን ይዤ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ምርመራ አለ፤ አልሄድኩም።

ጋራዡ ውስጥ አሁን የምትሠራው የቬርነር ልጅ ሚርያ ናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ነበርን። ቬርነር ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በሩ ያው አረንጓዴ በር ነው። ፊደሎቹ ዝገው ቡናማ ሆነዋል፤ ከሩቅ ይነበባሉ። ሳያቸው አየችኝ።

«አባዬ ቀለም አላስቀባበትም» አለች። «የሬይኖ ልጅ ናት፣ እውነቱን የሚነግራት ሰው የለም አለ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።»

«የእናቴ መኪና ከመከር ጀምሮ ቆማ ነበር፤ ፍሬን ሲያዝ ትንቀጠቀጣለች» አልኳት።

ሚርያ በቸርኬው ቀዳዳ ባትሪ አበራችና አየች። «ዲስኩ ዝጓል። ከመከር ጀምሮ ቆማለች አላልሽም? ሸራው ያረፈበት ቦታ ታትሞ ቀርቷል። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

«ሳትለኪው?»

«ምኑን ልለካ፣ ይታያል እኮ።»

«መጀመሪያ አንቺ ንጃት» አልኳት። «ቁልቁለቱ ላይ። እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ።»

«ለምን?»

«ንጃት እባክሽ።»

ከዚያ እንደ አባቷ አንገቷን ደፋች፣ ጓንቷን አውልቃ ቁልፉን ተቀበለችኝ።

ከማማው ዝቅ ስንል ፍሬን ያዘች። ወንዙን አላየሁም፣ ድልድዩንም አላየሁም። ጎንበስ ብዬ እግሯን አየሁ። ዘይት የጠጣ ትልቅ ቦት ጫማ ነው፤ ፔዳሉ ላይ ቀጥ ብሎ አርፏል። መኪናዋ ራሷን ነቀነቀች፤ መሳቢያው ውስጥ የእናቴ መነጽር ተንኳኳ።

«መኪናዋ ናት ሳይማ» አለች ሚርያ በቀስታ።

ዓይኔን ከጫማዋ አላነሳሁም።

«እንደገና ያዢልኝ» አልኳት።